በኮምፒውተር የተቆፈረው ጉድጓድ

በዚያ የወርቅ ኩባንያ ውስጥ እንደ ቀማሪው የሚዋሽ ሰው አልነበረም፤ እንደ እሱ የሚወደድም አልነበረም። ምሳ ሰዓት ላይ እሱ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ወንበር አይበቃውም። አንድ ቀን ስለ አዲሱ የውሃ ፓምፕ ጉልበት ሲያወራ፣ «አጠገቡ የቆመውን ፎርማን መጀመሪያ ቆቡን፣ ቀጥሎ ጸጉሩን፣ በመጨረሻ ስሙን መጠጠው፤ ይኸው እስከ ዛሬ በራ ነው፣ ስሙን ሲጠይቁትም ትንሽ ያስባል» ብሎ ነበር። በራውን እያሻሸ ከሁሉም በላይ የሳቀው ራሱ ፎርማኑ ነው።

ቀማሪ ያሉት ሥራው ቀመር ስለሆነ ነው። ዕቅድ ክፍል ውስጥ፣ ከድንጋይ መፍጫው በሚነሣው አቧራ የተነሣ መስኮቱ ክረምት ከበጋ ጉም የለበሰ በሚመስል ክፍል ተቀምጦ፣ ኩባንያው ለሚመጡት ዓመታት የትኛውን ጉድጓድ ቢያሰፋ፣ የትኛውን ቢዘጋ እንደሚያዋጣው በኮምፒውተር ያሰላል። ነገሩ ሲሰሙት ይከብዳል እንጂ የብርድ ልብስ ጉዳይ ነው። ኩባንያው ስድስት ጉድጓድ አለው፤ ስድስት ልጆች በላቸው። ገንዘቡ ግን አንድ ብርድ ልብስ ነው፤ ወደ አንዱ ሲሳብ የሌላው እግር ውጭ ያድራል። ኮምፒውተሩ ከየጉድጓዱ የሚወጣውን ወርቅ፣ የሚበላውን ነዳጅ፣ የሠራተኛውን ደመወዝ፣ የወርቅ ዋጋ ይወጣል ይወርዳል የሚለውን ግምት ሁሉ ይጠጣና፣ ከዓመታት በኋላ የሚገባው ትርፍ ዛሬ ቢመነዘር ስንት እንደሚያወጣ አስልቶ፣ «ብርድ ልብሱን ወዲህ ሳቡት» ይላል። ይህን ስሌት ሞዴል ይሉታል። የቦርዱ አባላት ለሞዴሉ ያላቸውን እምነት ያህል ለሚስቶቻቸው የላቸውም።

ሞዴል ሲሠራ ደግሞ ሙያው የሚያዘው አንድ ነገር አለ። እውነተኛውን ጥያቄ ከመጠየቅህ በፊት አንድ የሐሰት ጉድጓድ ትሰጠዋለህ፤ ሀብቱ ዓይን የሚያጠፋ። ሞዴሉ ጤነኛ ከሆነ ሌሎቹን ልጆች አራቁቶ ብርድ ልብሱን ለዚያ ያለብሳል። ካላለበሰ ታሟል ማለት ነው። ፈተናው ሲያበቃ ከሐሰቱ ጉድጓድ ስም ጎን ያለችውን አንድ የምትል ቁጥር ዜሮ ታደርጋታለህ፣ ጉድጓዱም ከሂሳቡ ይወጣል። አለቀ።

ሌላ ቀማሪ ቢሆን ሁለት ሦስት ደረቅ ቁጥር ጽፎ ይገላገላል። የኛው ግን ባዶ ሠንጠረዥ ሲያይ ምላሱ ጣቱ ላይ ወረደችበት። «ሰባተኛው ጉድጓድ» ብሎ ሰየመና ተረቱን በቁጥር ይጽፈው ጀመር። ድንጋዩ እንደ ዳቦ በእጅ የሚቆረስ፣ ስለዚህ የፈንጂ ወጪ የለም። ውሃ ጠብ የማይልበት፣ ስለዚህ የፓምፕ ወጪ የለም። ወርቁ ከድንጋዩ ጋር ተጣልቶ ለብቻው የሚወጣ። የሠራተኛው ደመወዝ ፊት ደግሞ የመቀነስ ምልክት አደረገበት፤ ሠራተኞቹ ደመወዝ አይቀበሉም፣ ይልቁንስ ለመግባት ይከፍላሉ።

ኮምፒውተር ምስኪን ነው፤ የነገሩትን ሁሉ ያምናል፣ «እስቲ ማል» አይልም። ቁልፉን ሲጫነው ብርድ ልብሱን ከሦስተኛው ጉድጓድ ገፍፎ ሰባተኛው ላይ ደራረበው። ሞዴሉ ጤነኛ ነው። ቀማሪው ብቻውን እንባው እስኪወጣ ሳቀ።

ገና እንባውን ሳይጠርግ የዕቅድ ኃላፊዋ በሩን በረገደችው።

«ጨረስክ? ሥራ አስኪያጁ ከቦርዱ ጋር ቁጭ ብለው እየጠበቁ ነው!»

«አንዲት ነገር ብቻ…»

«አንዲት ነገር፣ አንዲት ነገር እያልክ ነው ጡረታ የምታስወጣኝ! አሁኑኑ አትምና ተከተለኝ!»

አተመ፣ ተከተላት። አንዷ ቁጥር አንድ እንደሆነች ቀረች።

ነገሩን ያወቀው ስብሰባው ላይ ነው። ግድግዳው ላይ የየጉድጓዱን ትርፍ የሚያሳዩ ስድስት አሞሌዎች እንደ ቤተሰብ ተደርድረው ቆመዋል፤ ሦስተኛው ቀልቷል፤ ሰባተኛው ጣሪያውን ሊበሳ ደርሷል።

ዋና ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «ይኼ ከኮረብታው ጀርባ እየሰረሰርነው ያለው ነው፣ አይደል?»

እውነት ከኮረብታው ጀርባ ወርቅ ፍለጋ መሬት እየተሰረሰረ ነበር። ውጤቱ ገና አልመጣም፤ ግን ወሬው ከውጤቱ ቀድሞ ደርሷል። ኃላፊዋ አታውቅም መባልን ከሞት እኩል የምትፈራ ሴት ናት። ወደ ቀማሪው አየች፤ እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ዝምታውን ለአዎንታ ወሰደችው።

«አዎ፣ እሱ ነው» አለች።

ጭብጨባው ቀለጠ። ሥራ አስኪያጁ ወደ ቀዩ አሞሌ ጠቆሙ። «እንግዲያው ሦስተኛውን እንዝጋ። ፓምፖቹ የሚበሉት መብራት ከተማ ያበራል። በሚመጣው ቅዳሜ ይቁሙ፤ ገንዘቡም ወደ ሰባተኛው ይዙር።» ከዚያ ተነሥተው የቀማሪውን ትከሻ መታ መታ አደረጉት። «ጎበዝ! እንዲህ ያለ ሰው ነው የምፈልገው። የኃላፊዋ ምክትል ወንበር ባዶ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ተቀመጥበት።»

የሦስተኛው ጉድጓድ የፓምፖች ኃላፊ ማን መሰለህ? የቀማሪው ታላቅ ወንድም። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ ያሳደገው፣ ፓምፕ ስር እያደረ ያስተማረው፣ ጋሼ እያለ የሚጠራው ወንድሙ።

ቀማሪው ከስብሰባው ሲወጣ «ነገ አስተካክለዋለሁ» አለ ለራሱ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከአፍ ያልወጣው ግን ሆድ ውስጥ ገደል ይቆፍራል።

አመሻሹ ላይ ወንድሙ ቤት ሄደ። ወንድሙ ቅባት በጠገቡ ጣቶቹ ድንች ይልጣል፤ ሚስቱ ድስቱ ላይ ቆማለች።

«ሰማህ?» አለው ገና ሳይቀመጥ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ሦስተኛውን ሊዘጉት ነው። ቅዳሜ ፓምፑን አቁም አሉኝ። እኔን! በገዛ እጄ!»

«ቢቆምስ… በኋላ ማስነሣት አይቻልም?» አለ ቀማሪው፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«አንተን ደግሞ ተምሯል ይሉሃል! ውሃ እኮ ደህና ዋሉ ብሎ የሚወጣ እንግዳ አይደለም። አንዴ ከገባ ባለቤት ነው። ሞተሩን ይውጣል፣ የጣሪያውን ድጋፍ ያበሰብሳል፣ ከዚያ ጣሪያው ይወርዳል። ማንም አይመልሰውም።» ድንቹን ከልጣጩ ጋር አብሮ ድስት ውስጥ ጣለው። ሚስቱ አየችና ዝም ብላ አወጣችው።

«አይዞህ» አለችው። «ያ ሰባተኛ የሚሉት አለ አይደል? እዚያ ይወስዷችኋል።»

«እሱን እንኳ ይኼን ጉደኛ ጠይቂው። ቁጥሩን የሚያበስለው እሱ ነው።»

ሁለቱም ወደ እሱ ዞሩ። እውነቱ አፉ ላይ መጥቶ ቆመ፤ በሩ ተከፍቷል፣ መውጣት ብቻ ነው የቀረው። ነገር ግን የወንድሙን ፊት አየ። ይህ ፊት ሲቆጣ፣ ሲያዝንበት፣ ሲያፍርበት ታየው። ምላሱም የለመደችውን መንገድ ያዘች።

«ልንገርህ ጋሼ? ሰባተኛውን ጉድጓድ የቆፈርኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ?» አለች ሚስትየዋ፣ ከወዲሁ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ።

«በዚህች ጣት፣ እትዬ። አካፋ አልነካሁም። ሻዬን እየጠጣሁ ቆፈርኩት፣ ሻዩ እንኳ አልቀዘቀዘም። የትም የለም፤ ኮምፒውተሬ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ሠራተኞቹ ከፍለው ነው የሚገቡት። አንዲት አይጥ አለች፣ ጥርሷን በሙሉ በወርቅ ያስተከለች፤ በር ላይ ቆማ ቲኬት ትቆርጣለች። ቦርዱ ሲያያት ተነሥቶ አጨበጨበላት። “ሦስተኛው ይዘጋ!” ያለችው እሷ ናት።»

ሚስትየዋ በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች። ወንድሙ ደግሞ፣ የስብሰባውን ውሳኔ ከሰማ ጀምሮ ጥርሱ ያልታየው ሰውዬ፣ ሳል እስኪያፍነው ሳቀ።

«አይ አንተ! ቀብር ላይ ቢያቆሙህ ሬሳውን ታስቃለህ! ቲኬት ትቆርጣለች?»

«ትቆርጣለች» አለ ቀማሪው።

ሲወጣ ደረቱ ግማሽ በግማሽ ቀልሎት ነበር። ‹ነግሬዋለሁ› አለ በሆዱ። ‹አንዲት ቃል አላስቀረሁም። ካላመነ ምን ላድርግ?› ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

በማግስቱ ክፍሉን ዘጋና አንዷን ዜሮ አደረጋት። ሰባተኛው ጉድጓድ እንደ ጤዛ በነነ። ሦስተኛው ከሞት ተነሣና አረንጓዴ ለብሶ ቁጭ አለ፤ ብዙ ዓመት የሚሠራ፣ ታችኛው ፎቁ ላይ ጥሩ ወርቅ ያለበት፣ የሚያዋጣ ጉድጓድ። እስካሁን ‹ምናልባት ለማንኛውም ይዘጋ ይሆናል› እያለ ራሱን ሲያባብል ነበር። ማባበያው አለቀ።

ኃላፊዋ ዘንድ ገባ።

«ያ ሰባተኛው ጉድጓድ የውሸት ነው። ለፈተና ያስገባሁት ነው፤ ማጥፋት ረስቼ ነው።»

ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል እንደያዘች ሳቀች። «ዛሬ ደግሞ ተራው የኔ ነው? ባለፈው ‘መሥሪያ ቤቱ ተሸጧል’ ብለህ ጠዋቱን ሙሉ አስለቅሰኸኛል፤ አይበቃህም?»

«እውነቴን ነው።»

«ኧረ ስትምል ነው ይበልጥ የምታስቀው! በል ሂድ፣ ወንበርህ መጥቷል» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ቢፈልግ ስልኩን ከእጇ ይነጥቅ ነበር። ሠንጠረዡን አትሞ ፊቷ ላይ ይዘረጋው ነበር። አላደረገም። ወደ ክፍሉ ሲመለስ እውነትም አዲሱ ወንበር ተቀምጦ ጠበቀው፤ ቆዳ የለበሰ፣ ጎማ ያለው። ሲቀመጥበት «እ…ፍ» ይላል። ልጇ ሰክሮ የገባባት እናት እንደምትተነፍሰው ያለ ትንፋሽ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በተቀመጠ ቁጥር ወንበሩ እፍ አለበት። ምሳ ሰዓት ላይ ሰዎቹ «አንድ በለን እንጂ!» ሲሉት ጥርሴን አመመኝ እያለ ምግቡን ይዞ ዞር ይላል። ጥርሴን አመመኝ ያለውንም እንደ ቀልድ ቆጥረው ሳቁ።

በዚያ ከተማ ሰው የሚኖረው በፓምፕ ድምፅ ላይ ነው። የሦስተኛው ጉድጓድ ፓምፖች እንደ ንብ ቀፎ ሲያጉረመርሙ ሕፃን ይተኛበታል፤ ሽማግሌም ድምፁ ቢጠፋ ይነቃል። ቅዳሜ ጠዋት ቀማሪው ፊቱን እየታጠበ ሳለ ድምፁ ቀጠነ። አልጠፋም፤ ከመዘምራን መካከል ወፍራሙ ድምፅ እንደ ወጣ ሆነ እንጂ። ሳሙናው ፊቱ ላይ እንዳለ ሮጠ።

የስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ሥራ አስኪያጁ፣ ኃላፊዋና ሌሎች የቦርድ ሰዎች ወደ ሰባተኛው ጉድጓድ የሚወስደውን መንገድ ስፋት እየተከራከሩ ነበር። መንገዱ በአስፋልት ይሁን በጠጠር እየተባለ ነው።

«ሰባተኛው ጉድጓድ የለም!» አለ በሩ ላይ ቆሞ።

አንዱ ሳሙናውን አየና በሳቅ ፈነዳ፤ ሁሉም ተከተሉት።

«ግባ፣ ግባ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ ሆዳቸውን ይዘው። «እኔም በቅዳሜ ምድር ማን ያስቀን ይሆን እያልኩ ነበር!»

ቢምል አያምኑትም፣ ቢያለቅስ አያምኑትም። ዕድሜ ልኩን ያሰለጠናቸው ራሱ ነው። ከግድግዳው ምስል ጋር ወደ ተያያዘው ኮምፒውተር ሄደና ተቀመጠ።

«እሺ፤ እንሳቅ እንግዲህ» አለ።

ከአንድ ቶን ድንጋይ ሁለት ቶን ወርቅ ይወጣል ብሎ ጻፈ። አሞሌው ተመዘዘ። «አቤት!» ብለው ሳቁ። ከአንድ ቶን ድንጋይ መቶ ቶን ወርቅ አለ። ሞዴሉ ቅንድቡን እንኳ ሳያነሣ ተቀበለው፤ ትርፉ ከግድግዳው አልፎ ወጣ። ሳቁ ሳሳ። ጉድጓዱን ለመቆፈር የሚፈጀው ጊዜ የሚለው ላይ ትናንት ያለቀ ይመስል ከዜሮ በታች ጻፈ። ሞዴሉ አመሰገነ። አሁን የሚስቅ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ እሱም ብቻውን መሆኑን ሲሰማ ወደ ሳል ለወጠው። በመጨረሻ ቀማሪው የደመወዙን መስመር ከፍቶ አጎላው።

የሥራ አስኪያጁ ፈገግታ ባለቤቱ ረስቶት እንደሄደ ቆብ ፊታቸው ላይ ቀርቷል። «ይኼ የመቀነስ ምልክት… ሠራተኛው ነው የሚከፍለን? ይኼን አሁን ነው የጻፍከው?»

«አይደለም። ያጨበጨባችሁለት ቀንም እዚያው ነበረ።»

አንዷን ዜሮ አደረጋት። ሰባተኛው ጠፋ። ሦስተኛው አረንጓዴ ሆኖ ተነሣ። ኃላፊዋ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ «‘አዎ፣ እሱ ነው’ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ለማንም ሳይሆን።

«ስልክ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ስልክ ስጡኝ!»

ችግሩ ወንድምየው ሥራውን የሚያከብር ሰው መሆኑ ነው። ፓምፕ ሁሉ ባንዴ ከቆመ የተገፋው ውሃ ተመልሶ ቧንቧውን ያፈነዳዋል፤ ስለዚህ ከታች ወደ ላይ፣ ተራ በተራ ነው የሚዘጋው። ወንድምየውም ሰው እንዳይጎዳ ጎህ ሲቀድ ወርዶ ከታችኛው ፎቅ ጀመረ። ስልኩ ሲደውል የታችኛውን ፎቅ ሞተሮች ውሃ ውጧቸዋል። የላይኞቹ ተረፉ። ጥሩው ወርቅ ያለው ግን ታች ነበር።

በዚያው ቀን የሦስተኛው ጉድጓድ ሠራተኞች እኩሌታ ሥራ የለም ተባሉ። ቀማሪውም ኮምፒውተር እንዳይነካ ታዘዘ፤ ያ የሚተነፍስ ወንበርም እየተንከባለለ ወደ መጣበት ሄደ። እሱስ እፎይታ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወንድሙ ቤት ሲደርስ ወንድሙ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ጫማው ላይ ያለው ጭቃ ደርቆ እየተሰነጠቀ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ አላወለቀውም። ቀማሪው ፊቱን ለጥፊ አዘጋጅቶ ቀረበ። ጥፊ ቢመጣ ደስ ባለው።

«ና፣ ተቀመጥ» አለው ወንድሙ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ምኑ ጋሼ?»

«ነግረኸኝ ነበር እኮ። እዚሁ ቤት ቁጭ ብለህ፣ የትም የለም፣ ኮምፒውተሬ ውስጥ ነው ያለው አልከኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ሳቅሁ።» ጭቃውን በጥፍሩ ይፍቃል። «ለተባረሩት ሰዎችም ነገርኳቸው። ወንድሜ አስጠንቅቆኝ ነበር፣ ያልሰማሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። ትናንት የታችኛውን ማጥፊያ ስጫን ምን ትዝ አለኝ መሰለህ? ያቺ ባለወርቅ ጥርስ አይጥ። ቲኬት ስትቆርጥ። ፈገግ እያልኩ ነው የዘጋሁት።»

ሚስቱ ሻይ ይዛ ወጣች፤ የሁለቱን ፊት አይታ ሻዩን እንደያዘች ተመለሰች።

ቀማሪው ዝም ብሎ መቀመጥ ይችል ነበር። ምንም መዋሸት አያስፈልገውም፤ ወንድሙ ታሪኩን እንደ ቤት ሠርቶ ጨርሶ ቁልፉን ሰጥቶታል። ያስጠነቀቀው ሰው ይባላል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ዕድሜ ልክ ተመችቶት ሊኖር ይችላል፤ ወንድሙ ደግሞ ጭቃውን እየፋቀ ደጃፉ ላይ ያረጃል። ሁሉንም ነገር ያጋነነው ሰው አሁን ማጋነን የማያስፈልገው አንድ ነገር አጋጠመው።

«ጋሼ…» ድምፁ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነበት። «እንዳታምነኝ ብዬ ነው እንደዚያ የነገርኩህ። ብትስቅ እኔም ነግሬዋለሁ ብዬ እንደማድር አውቄ ነው። አይጧን… አይጧን ሆን ብዬ ነው የጨመርኳት። ፊትህ ሊያምን ሲል አየሁና ጨመርኳት።»

ወንድሙ ጭቃ መፋቁን አቆመ። ከሩቅ የተረፉት ፓምፖች ቀጭን ድምፅ ይሰማል። አልተሳደበም፤ አልተነሣም። የሚያየው ቀማሪውን አልነበረም፤ ከእሱ ትንሽ ወደ ጎን፣ ሌላ ሰው የተቀመጠ ይመስል ባዶውን ቦታ ነበር የሚያየው።

«ነገ በር ላይ ሰዎቹ ይመጣሉ» አለ በመጨረሻ። «የተባረሩት። እኔ የነገርኳቸውን አንተ ታፈርሰዋለህ።»

«እሺ።»

«አይጧ እንዳትኖር።»

«እሺ ጋሼ።»

በማግስቱ ጠዋት ሰዎቹ ከኩባንያው በር ውጭ፣ ድንጋዮቹ ላይ ተቀምጠው የመጨረሻ ሂሳባቸውን ይጠብቁ ነበር። አጥሩ ውስጥ መፍጫው ቆሟል፤ አቧራ የለም፤ ሰማዩ ከተለመደው በላይ ጠርቶ የሚያሳፍር ሆኗል። ቀማሪው ከመንገዱ ማዶ ሲመጣ አዩትና ፊታቸው በራ።

«መጣ! መጣ የኛ ሰው!» አለ አንዱ። ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁለት። «ና እስቲ አንድ በለን፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሳቅ የሚባል አናውቅም!»

በራው ፎርማን ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ራሱ ላይ ጫን አደረገው። «ዛሬ ደግሞ ምኔን ልትወስድ ነው? ጸጉሬ እንደሆነ አልቋል!»

ቀማሪው የለቀቁለት ቦታ ላይ አልተቀመጠም። ፊታቸው ቆመ።

«ሰባተኛው ጉድጓድ…» አለ።

ፎርማኑ ገና ከአሁኑ ሳቀ። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ጉልበታቸውን እየመቱ፣ እርስ በርስ እየተገፋፉ። ቀማሪው እስኪጨርሱ ቆሞ ጠበቃቸው። የመጨረሻው ሳቅ ሲያልቅ፣ ፈገግታው ከፎርማኑ ፊት ላይ ገና ሳይወርድ፣

«ሰባተኛው ጉድጓድ» ብሎ እንደገና ጀመረ።